ውሳኔ የበዛበት ጭንቅላት፦ ከአስቤዛ እስከ ቤት ኪራይ የሚሠራ መመሪያ

አብሮዎት የሚራመደውን ጓደኛ መንገድ ላይ «36 በ47 ሲባዛ ስንት ይመጣል? ስልክ ሳትነካ፣ በቃልህ» ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ ይስቃል። የምር ሊሞክረው ሲነሳ ግን እርምጃው ይዘገያል፤ ብዙ ሰው ጭራሽ ይቆማል። (መልሱ 1,692 ነው፤ እንዳትከራከሩ።) መራመድ ብዙም የማይታሰብበት ሥራ ቢሆንም ጥቂት ትኩረት ይፈልጋል፤ ከባድ ሒሳብ ሲመጣ እሷም ትነጠቃለች።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ከጃክሰን ቢቲ ጋር ሆኖ በ1966 ይህን ልፋት ከዓይን ላይ አነበበው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተሳታፊዎቹ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየሰሙ በቃላቸው ይይዙና መልሰው ይናገራሉ። ቁጥር በተጨመረ ጊዜ የዓይናቸው ብሌን እየሰፋ ሄደ፤ የያዙትን እየተናገሩ ሲያራግፉ ደግሞ እየጠበበ ተመለሰ። ማሰብ ልፋት ነው ስንል እንግዲህ ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ አካል ላይ ይታያል።

ልፋት ከሆነ ደግሞ እንሸሸዋለን። በ2010 ዋውተር ኮል፣ ማቲው ቦትቪኒክና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ከሁለት የካርድ ክምሮች እንደፈለጉ እየመረጡ በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር የሚመለከት ጥያቄ ይመልሱ ነበር። አንደኛው ክምር የጥያቄውን ዓይነት ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል፣ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ብቻ። ማንም ሳይነግራቸው አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ወደ ቀላሉ ክምር አዘነበሉ።

አእምሮ መቆጠቡ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚቆጥበው በተሳሳተ ቦታ መሆኑ ነው። ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ሱቅ ዞረን፣ ለዓመታት የምንኖርበትን ቤት ግን ደላላው «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ስላለን ብቻ በሩብ ሰዓት «እሺ» እንላለን። የሚከተሉት እርምጃዎች ዓላማ ይህንን መገልበጥ ነው፦ ትንሹን ውሳኔ ከጭንቅላት ማውጣት፣ የተረፈውን ትኩረት ለትልቁ ማዋል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሲደክመን ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተሳሳተ ምክር የሚወጣው ከዚህ ነውና።

በየሥልጠናው አዳራሽ የሚነገረው ታሪክ «ራስን የመግዛት ኃይል እንደ ባትሪ ያልቃል» የሚል ነው። መነሻው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳተሙት ሙከራ ነው። የተራቡ ተማሪዎች ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት ጠረጴዛው ላይ እያዩ ከፊሎቹ ጥሬ ፍጅል ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ከዚያ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ፍጅል የደረሳቸው ከስምንት ደቂቃ ብዙም ሳይርቁ ተስፋ ቆረጡ፤ ብስኩት የበሉት ግን ወደ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ታገሉ። ታሪኩ ያምራል። በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አሳትፈው ሐሳቡን በሌላ ዓይነት ሙከራ ሲፈትሹት ውጤቱ ከዜሮ እምብዛም ፈቅ አላለም።

ሁለተኛው ዝነኛ ታሪክ የእስራኤል ዳኞች ነው። በ2011 የወጣ ጥናት በአመክሮ ለመፈታት የቀረቡ 1,112 ውሳኔዎችን ተመልክቶ፣ ችሎቱ ሲጀመር 65 በመቶ ገደማ የነበረው የመፈቀድ ዕድል እረፍት ሲቃረብ ወደ ዜሮ እንደሚወርድ፣ ከምግብ በኋላም እንደገና እንደሚያንሰራራ ዘገበ። «የተራበ ዳኛ አይፈታህም» የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች የጉዳዮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ እንዳልነበረ አሳዩ፤ ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች የሚቀርቡት በአብዛኛው ወደ ችሎቱ ማብቂያ ነበር። ጠበቃ የሌለው ሰው ደግሞ ረሃብ ኖረም አልኖረም የመፈታት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ታዲያ ድካም የለም ማለት ነው? አለ። በ1912 ጽሩኮ አራይ የተባለች ጃፓናዊት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ጥናቷ ባለአራት አኃዝ ቁጥሮችን በባለአራት አኃዝ በቃሏ ስታባዛ ዋለች፤ በቀን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት። ፍጥነቷ በእጅጉ ወረደ፤ ግን አላቆመችም። በ2022 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከባድ የአእምሮ ሥራ የሠሩ ሰዎች አመሻሹ ላይ «ቆይቶ ከሚመጣ ብዙ አሁን የሚገኝ ጥቂት» ወደሚለው ምርጫ አዘነበሉ፤ በፊተኛው የአንጎላቸው ክፍልም ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው፦ ድካም አቅምን አሟጥጦ አይጨርስም፤ ምርጫን ወደ ቀላሉ፣ ወደ ቅርቡና ወደ ተለመደው ያዘነብላል። ስለዚህ «ማታ ነው፣ ኃይሌ አልቋል» ብሎ ኬክ ማዘዝ ሰበብ ነው። ማታ ውል አለመፈረም ግን ብልህነት ነው።

1ኛ እርምጃ፦ የሳምንቱን ውሳኔዎች ወረቀት ላይ ያውጡ

ለአንድ ሳምንት «ምን ላድርግ?» ያሉበትን ነገር ሁሉ በአጭሩ ይመዝግቡ። ምሳ ምን ይሠራ፣ ታክሲ ወይስ ባቡር፣ ልጁን ማስጠኛ ላስገባው ወይስ ይቅር፣ ለዘመድ ሠርግ ስንት ላዋጣ፣ ሥራ ልቀይር። በሳምንቱ መጨረሻ በሦስት ይክፈሏቸው፦ የሚደጋገሙ፣ ቢሳሳቱ በቀላሉ የሚመለሱ፣ ለመመለስ የሚከብዱ። አንድ ነገር ሁለት ቦታ ከገባ በክብደቱ ይመድቡት። ዝርዝሩን ሲያዩት አብዛኛው ልፋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ላይ ሲፈስ ቢያገኙት አይገረሙ።

ከዚህ በኋላ ያሉት እርምጃዎች እያንዳንዱን ረድፍ በየፈርጁ የሚይዙ ናቸው።

2ኛ እርምጃ፦ የሚደጋገመውን አንዴ ወስነው ይዝጉት

የአበሻ ቤት ይህን ጥበብ ከማንም አልተማረውም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ሥጋ ልብላ ወይስ ሽሮ?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም፤ ቀኑ ራሱ ወስኖለታል። ረመዳን የሚጾም ሙስሊምም በቀትር ምሳ ላይ አይከራከርም። ዕቁብም እንዲሁ ነው። «በዚህ ወር ስንት ላስቀምጥ?» የሚለው ጥያቄ በየወሩ ቢነሳ ኖሮ ብዙዎቻችን ምንም አናስቀምጥም ነበር። ዕቁብ ጥያቄውን አንዴ ገብተን እንድንመልሰው ያደርግና የቀረውን ለዳኛውና ለይሉኝታ ይተወዋል።

ይህንን መንገድ ወደ ራስዎ ዝርዝር ያምጡት። ለየሳምንቱ ቀን ቋሚ የምግብ ዕቅድ ያውጡ፦ ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ፓስታ፣ እያለ የሚቀጥል። አሰልቺ ነው? አዎ፣ ጥቅሙም እሱው ነው። አስቤዛ በወር አንድ ቀን፣ ከተጻፈ ዝርዝር ብቻ ይግዙ። ቁጠባው ደመወዝ በገባበት ቀን በባንክ በኩል በራሱ እንዲቆረጥ ያስደርጉ።

ምንም ካላደረግን የሚሆነው ነገር ምን ያህል እንደሚገዛን ለማየት ሁለት ጎረቤት አገሮችን እንመልከት። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስቲን በ2003 እንዳሳዩት፣ ከሞት በኋላ የሰውነት ክፍል ለመለገስ ፈቃደኛ ሆኖ መመዝገብ በሚያስፈልግባት ጀርመን ስምምነቱ 12 በመቶ ነበር። ሁሉም ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ የማይፈልገው ብቻ «አልፈልግም» ማለት በሚጠበቅበት በኦስትሪያ ግን 99.98 በመቶ። በቋንቋም በባህልም የሚቀራረቡ ሕዝቦችን እንዲህ ያራራቃቸው ቅጽ የመሙላት ጉዳይ ነው። እርስዎም ቤትዎ ውስጥ ቅጹን የሚያዘጋጁት ራስዎ ይሁኑ፤ ዝም ቢሉ የሚሆነው ነገር የሚፈልጉት ነገር ይሁን።

ደንብ ሲያወጡ «ብዙ ጊዜ እሞክራለሁ» ብለው አይጻፉ። «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ ይጻፉት። ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ይህ አጻጻፍ በ2006 በተጠቃለሉ 94 ሙከራዎች ውስጥ የሰዎችን ዕቅድ ከሐሳብ ወደ ተግባር በማድረስ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። «ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን እከፍታለሁ» ከሚለው ጋር «በዚህ ዓመት እንግሊዝኛ አሻሽላለሁ» የሚለው አይወዳደርም። ደንቡ ልማድ እስኪሆን ይታገሱ፤ ለንደን ውስጥ በ2010 በታተመ ጥናት አዲስ ልማድ ያለ ልፋት እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። «በ21 ቀን» የሚሉዎትን አይስሙ።

3ኛ እርምጃ፦ ለይሉኝታ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ይያዙ

ስለ ውሳኔ የሚጻፉ የውጭ ምክሮች ይህን አይነኩትም፤ እኛ ዘንድ ግን ግማሹ ውሳኔ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዘመድ ደውሎ «ለብድሩ ዋስ ሁነኝ» ይላል። ስልኩ ላይ ዝምታው ይከብዳል፣ አፍ «እሺ» ይላል። ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ የለም።

በዚያች ቅጽበት ጭንቅላት ሁለት ሥራ ተደራርቦበታል፦ ጉዳዩን መመዘንና የሰውየውን ፊት ማዳን። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል። መፍትሔው ሁለቱን ማለያየት ነው፤ ለዚህም ቃሉን አስቀድመው ያዘጋጁ። ለምሳሌ፦

«ጋሼ፣ የዋስትና ነገር ከባለቤቴ ጋር ሳንነጋገር አይወሰንም። ሐሙስ ራሴ እደውልልዎታለሁ።»

ወይም ለእኩያ፦ «ገንዘብን የሚመለከት ነገር በዕለቱ መልስ አልሰጥም፤ ልደርበት።»

ማደር ነውር አይደለም፤ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቀጠሮ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ግን የቀጠሩት ቀን ሲደርስ ይደውሉ፤ «እሺም» ሆነ «አልችልም» ቁርጥ ያለ መልስ ይስጡ። ሳይደውሉ የሚያልፉት ቀጠሮ ከእምቢታ የባሰ ያስቀይማል።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ ይጠቅማቸዋል። አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። የማታ ፈረቃ ጨርሶ የገባ ሰው የገንዘብ ጥያቄ የሚደርሰው በቀኑ እጅግ በደከመበት ሰዓት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ለአገር ቤት የሚላከውን ጠቅላላ ገንዘብ መወሰን፣ ከፊሉን ለቋሚው ወርኃዊ፣ ከፊሉን ለሕመምና ለለቅሶ ለይቶ ማስቀመጥ ይረዳል። ያኔ ጥያቄው «ልላክ ወይስ አልላክ?» ከመሆን ወጥቶ «ከተለየው ውስጥ ስንት ቀርቷል?» ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ በደከመ ጭንቅላትም ይመለሳል።

4ኛ እርምጃ፦ ለሚመለሱ ውሳኔዎች «ይበቃል» የሚባልበትን ልክ አስቀድመው ይጻፉ

ኸርበርት ሳይመን፣ በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ ሰው በእውነተኛው ዓለም ምርጡን ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም፣ የሚበቃውን ፈልጎ ሲያገኝ ያቆማል ብሎ ያስተማረው ገና በ1950ዎቹ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ መፈለግ ራሱ ዋጋ አለው።

ጫማ፣ ስልክ፣ ፍሪጅ ሲገዙ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ሦስት መስፈርት ይጻፉ፤ ከሦስት አይበልጡ። ሦስቱን ያሟላውን የመጀመሪያ ዕቃ ይግዙ፤ ከዚያ ዋጋ መጠየቅ ያቁሙ። ማቆሙ ነው ከባዱ። መርካቶ ገብቶ የገዙትን ዕቃ ዋጋ በሚቀጥለው ሱቅ መጠየቅ ራስን ለብስጭት መሸጥ ነው።

ምርጫ ሲበዛ ሰው ይሸሻል የሚባለውስ? ሺና ኢየንጋርና ማርክ ሌፐር በ2000 ባሳተሙት፣ አንድ የካሊፎርኒያ ሱቅ ውስጥ በተደረገ ሙከራ 24 ዓይነት ማርማላታ ሲቀርብ ካለፉት ደንበኞች 60 በመቶ ቆሙ፣ ከቆሙት የገዙት ግን 3 በመቶ ናቸው። ስድስት ዓይነት ሲቀርብ 40 በመቶ ቆሙ፣ 30 በመቶ ገዙ። በኋላ በ2010 ሃምሳ ያህል ተመሳሳይ ሙከራዎች ሲደመሩ ግን አማካዩ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ነገሩ የሚወሰነው በሰውየው ነው፦ የሚፈልገውን አውቆ የሄደ በብዛት አይደናገርም፣ ሳያውቅ የሄደ ይደናገራል። መስፈርቱን ቤት ሆነው የሚጽፉት ለዚሁ ነው።

5ኛ እርምጃ፦ ጭንቅላትን መጋዘን አያድርጉት

በቃል የምንይዘው ነገር ብዛት ከምናስበው ያንሳል። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት ገደማ ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ማስረጃውን መርምሮ ወደ አራት አወረደው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት፣ የመብራት ካርድ… አለቀ፣ ሞላ። ለአምስተኛው ቦታ የለም፤ ለማመዛዘንም እንዲሁ።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ያልተጠናቀቀውን ሁሉ ጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ጎን መቼና የት እንደሚሠሩት ያክሉ። ቀኑና ቦታው ወሳኝ ነው። ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 እንዳሳዩት ያልተፈጸመ ጉዳይ ሐሳብን መበጥበጡን እንዲተው መፈጸም አያስፈልገውም፣ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ይበርዳል።

ስልክን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ከባድ ነገር በሚያስቡበት ሰዓት ቴሌግራም ይዝጉ። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዘል የፊተኛው ቅሪት ትኩረታችን ላይ ተጣብቆ ይቆያል።

6ኛ እርምጃ፦ ትልቁን ውሳኔ በነጥብ ወረቀት ይያዙ

አሁን ወደ ዋናው። ቤት ኪራይን ምሳሌ ላድርግ፤ ዘዴው ግን ለሥራ ቅጥርም፣ ለትምህርት ቤት ምርጫም፣ ለመኪና ግዢም ይሠራል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ካህነማን ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ የእስራኤል ጦር ምልምሎችን መምረጫ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ከዚያ በፊት ጠያቂዎቹ ከወጣቱ ጋር እንደልባቸው ተጨዋውተው «ይህ ጥሩ ወታደር ይወጣዋል» ብለው በስሜት ይወስኑ ነበር፤ ትንበያቸው ዋጋ ቢስ ሆኖ ተገኘ። እሱ ስድስት ባሕርያትን ለየ። ጠያቂው ስለ አንዱ ጠይቆ ነጥብ ሳይሰጥ ወደሚቀጥለው እንዳይሄድ አዘዘ። ጠያቂዎቹ «ማሽን አደረግኸን» ብለው ቢያጉረመርሙበት፣ ስድስቱን ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ግምት እንዲጨምሩ ፈቀደ። አዲሱ ዘዴ ከድሮው በእጅጉ የተሻለ ሆነ፤ የሚገርመው ደግሞ መጨረሻ ላይ የመጣው የስሜት ግምትም ራሱ ጠቃሚ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስሜት ከመረጃው በፊት ሲመጣ ያሳስታል፤ በኋላ ሲመጣ ይረዳል።

ለቤቱ እንዲህ ያድርጉ።

ሀ) ከነጥብ በፊት የማይታለፍ ነገር ካለ ይለዩት። ለምሳሌ «ከዚህ ብር በላይ አልከፍልም»፣ «ልጆች አይፈቀዱም ካሉ አልገባም»። ይህን ያላለፈ ቤት ማየትም አያስፈልግም፤ በስልክ ይጣራል።

ለ) ስድስት ነጥቦች ይምረጡ። አዲስ አበባ ላይ እኔ የምመርጣቸው፦ ወደ ሥራ ለመድረስ ስንት ታክሲ ይቀየራል፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ታንከርስ አለ ወይ፤ የመብራት ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፤ መጸዳጃና ማብሰያው፤ የአከራዩ ሁኔታ፤ የሰፈሩ ጸጥታ። የውኃውን ጉዳይ ለደላላውም ለአከራዩም አይጠይቁ፤ ጎረቤት ተከራይን ይጠይቁ።

ሐ) ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ፤ ግቢው ውስጥ እያሉ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሻገሩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ሳሎን ዓይን ይሰርቃል፤ ውኃውንም አከራዩንም ሳናውቀው ጥሩ አድርጎ ያሳየናል። ነጥቡን ለየብቻ መስጠት የሚከለክለው ይህንኑ ነው።

መ) ሌላ ቤት ሲያዩ የፊተኛውን ወረቀት አያውጡ።

ሠ) ይደምሩ። የትኛው ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል ብለው አይጨነቁ። ሮቢን ዶስ በ1979 እንዳሳየው ሁሉንም በእኩል ሚዛን መደመር ከባለሙያ የስሜት ፍርድ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እንበል የጀሞው ቤት 2፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4 እና 5 አግኝቶ 24 ሆነ፤ የገርጂው 5፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2 እና 4 ይዞ 19። ገርጂ ልብዎን የሳበው መንገዱ ስለቀረበ ብቻ መሆኑን ወረቀቱ ፊት ለፊት ያሳይዎታል።

ረ) ይደሩበት። ጠዋት ስሜትዎን ይጠይቁ። ድምሩና ስሜቱ ከተስማሙ ይፈርሙ። ከተጣሉ ግን ስሜትዎ ያየውንና ወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር ስም ይስጡት። ስም ካገኘ ሰባተኛ ነጥብ አድርገው ሁሉንም ቤቶች በእሱ ይመዝኑ። ስም ካላገኘ ድምሩን ይከተሉ።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሚያሳይዎት ቤት ብዙ ጊዜ ውድና መናኛ ነው፤ ሁለተኛው ገነት እንዲመስል። ይህ የመጀመሪያው ቁጥር ወጥመድ ነው። ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1974 ባሳተሙት ሙከራ በተሳታፊዎች ፊት የሚሽከረከር የቁጥር ጎማ አዙረው «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ጎማው 10 ላይ የቆመላቸው መሐከለኛ ግምታቸው 25 በመቶ፣ 65 ላይ የቆመላቸው 45 በመቶ ሆነ። ጎማው ከአፍሪካ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። መከላከያው አንድ ነው፦ ደላላ ጋር ከመደወልዎ በፊት የራስዎን ቁጥር ሰፈሩ ውስጥ ካሉ ተከራዮች ጠይቀው ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ሁለት ነገር የማይነጻጸርበት፣ «ልቀይር ወይስ ልቆይ?» ዓይነት ጥያቄ ከሆነ የቤንጃሚን ፍራንክሊን መንገድ ይሻላል። በ1772 ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፍሎ፣ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ለሦስት ወይም አራት ቀን ትዝ ባለው ቁጥር እየጨመረ፣ በክብደት የሚመጣጠኑትን ከሁለቱም ወገን እንደሚሰርዝ ነግሮታል። ቁም ነገሩ ቀናቱ ላይ ነው፤ ሁሉም ምክንያት በአንድ ጊዜ ፊታችን አይቆምም።

7ኛ እርምጃ፦ ቶሎ የመጣን ቁጥር ይፈትሹ

ደብተርና እስክሪብቶ ባንድ ላይ 110 ብር ናቸው። ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል። እስክሪብቶው ስንት ነው?

አሥር ብር ካሉ ደብተሩ 110 ይሆናል፣ ድምሩ 120። መልሱ 5 ብር ነው። ሼን ፍሬድሪክ በ2005 ያሳተመው ፈተና ውስጥ ያለ የዚህ ዓይነት ጥያቄ የአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር ያሳስታል። የሒሳብ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ለማጣራት አሥር ሰከንድ መልፋትን መሸሽ ነው።

ይህ ፈተና ኑሮ ውስጥ በሌላ ልብስ ይመጣል። «በወር አምስት ከመቶ ብቻ» የሚል አበዳሪ 100,000 ብር ቢሰጥዎ ወለዱ በዓመት 60,000 ብር ነው፤ ወለዱ በወለድ ላይ ከታሰበ ወደ 80,000 ይጠጋል። «ብቻ» የሚል ቃል ከቁጥር አጠገብ ሲሰሙ ስልክዎን አውጥተው ያባዙ፣ በዓመት ያስቡት። ገንዘብ ያለበትን ነገር ሁሉ በቃል ከማስላት ይቆጠቡ።

8ኛ እርምጃ፦ ከባዱን ውሳኔ ገንዘብ ባለበት ሳምንት ያድርጉ

የኑሮ ጭንቀት ራሱ ትኩረትን ይይዛል። በ2013 በታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊት እጃቸው ባጠረበትና ከምርት በኋላ ገንዘብ በያዙበት ወቅት ተፈትነው ነበር፤ ያው ሰው ከምርት በኋላ የተሻለ አሰበ። ተከታይ ጥናቶች ሁሉ በእኩል ባያጸኑትም ጥንቃቄው አይጎዳም። ደመወዝ ጠባቂ ከሆኑ የልጅ ትምህርት ቤትን፣ የብድርንና የኪራይን ውሳኔ ወሩ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ደመወዝ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ጠዋት ላይ ይያዙት።

9ኛ እርምጃ፦ ከመፈረም በፊት ውድቀቱን አስቀድመው ያውሩት

ጋሪ ክላይን ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቤተሰቡን ቡና ላይ ይሰብስቡና «ዓመት አለፈ እንበል፤ ይህ ውሳኔያችን ጨርሶ ተበላሽቷል። ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ችግር ይኖረው ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ አባወራው ወዶታልና ሁሉም «የለውም» ይላል። ተበላሽቷል ተብሎ ሲጀመር ግን የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እንኳ «ከዚያ ሰፈር የትምህርት ቤት ሰርቪስ የለም» ትላለች። ልጆችንና ትንሽ የሚናገሩትን አስቀድመው ያናግሩ፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላ የሚጨምር የለም።

10ኛ እርምጃ፦ መዝገብ ይያዙ

ለመመለስ ለሚከብዱት ውሳኔዎች ብቻ አንድ ደብተር ይመድቡ። ለእያንዳንዱ አምስት መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፤ የወሰኑት ነገር፤ የወሰኑበት ምክንያት፤ ይሆናል ብለው የጠበቁት ነገርና ከመቶ ስንት እንደሚያምኑት፤ መልሰው የሚያዩበት ቀን። አራተኛው መስመር ላይ ቁጥር መጻፍ ያስቸግራል፤ ይጻፉት። ካልጻፉት ከስድስት ወር በኋላ «እኔ እኮ ድሮም አውቄው ነበር» ይላሉ፣ የሚያርምዎትም ማስረጃ የለም። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱን ከምክንያቱ ለይተው ያንብቡ፤ ጥሩ አስቦ በዕድል የተጎዳ ሰው አለ፣ ሳያስብ የተሳካለትም አለ። ዘዴዎን የሚቀይሩት የጻፉት ምክንያት ራሱ ስህተት ሆኖ ሲያገኙት ነው፤ ያኔ ወደ ስድስተኛው እርምጃ ተመልሰው የጎደለውን ነጥብ ወረቀቱ ላይ ይጨምሩ።